የዱባዩን አስቀድሚ፣ የአገር ቤቱን አስከትዪ

ሰሞኑን ከጅማ አንዲት እህት ጥያቄ ልካልኛለች። ረዘም ያለ ነው፤ ፍሬ ነገሩ ግን ይህ ነው።

«ጋሼ፣ ባለቤቴ የሚኖረው ካናዳ፣ ካልጋሪ ነው። የቋሚ ነዋሪነት ማመልከቻ ሊያስገባልኝ ሰነድ እየሰበሰብን ነው። ከወንጀል ነፃ ወረቀት አምጪ ሲለኝ እዚሁ ከከተማችን ፖሊስ ደብዳቤ አወጣሁ። ‹ይሄ አይሠራም› ተባልኩ። ከሐምሌ 2010 እስከ ጥር 2014 ዱባይ ሰው ቤት ሠርቻለሁ። ከዚያ በፊት ቤይሩት አራት ወር ነበርኩ። ዱባይ በሄድኩበት ፓስፖርት ላይ ደላላው ዕድሜዬን አራት ዓመት ጨምሮታል። የአሁኑ ፓስፖርቴ ትክክለኛው ነው። በ2009 ደግሞ ከጎረቤት ጋር ተጣልቼ አንድ ሌሊት ፖሊስ ጣቢያ አድሬያለሁ። በሽማግሌ ታረቅን፣ ፍርድ ቤት አልቀረብኩም። እነዚህን ልንገራቸው ወይስ ልተዋቸው? ከየትስ ልጀምር?»

እህቴ፣ በመጀመሪያ ልብሽ ይረፍ። ከዘረዘርሽልኝ ውስጥ በራሱ ካናዳ እንዳትገቢ የሚያደርግ ነገር አላየሁም። እኔን የሚያስፈራኝ ከእነዚህ አንዱን ሸሽገሽ ኋላ የወጣ እንደሆነ ነው። ወደዚያ እመለሳለሁ። አስቀድሜ ግን ስለ ቅደም ተከተሉ ላውራሽ። ጅማ ላይ ለ14 ዓመት ፎርም ስሞላና ሰነድ ስተረጉም ብዙ ሰው ጊዜና ገንዘቡን ሲያባክን አይቻለሁ። አብዛኛው ወንጀል ኖሮበት አይደለም። ወረቀቱን ያለጊዜው ስላወጣ ነው።

የከተማው ፖሊስ ደብዳቤ ለምን እንዳልሠራ በአጭሩ ልንገርሽ። ያ ደብዳቤ የሚመሰክረው እዚሁ ባለው መዝገብ ላይ ስለሚታየው ብቻ ነው። ለአገር ውስጥ ሥራ ይጠቅማል። ካናዳ የምትፈልገው ግን አሻራሽ ተወስዶ በአገር ደረጃ የተጣራውን፣ ፌዴራል ፖሊስ የሚሰጠውን ነው። ስለዚህ ያወጣሽውን አስቀምጪው፣ ከማመልከቻው ጋር ግን አታያይዢው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ካናዳ የምትጠይቀው አንድ ወረቀት አይደለም። 18 ዓመት ከሞላሽ በኋላ፣ ባለፉት 10 ዓመታት ውስጥ፣ በተከታታይ 6 ወርና ከዚያ በላይ ከኖርሽበት ከእያንዳንዱ አገር አንድ አንድ ትጠይቃለች። በዚህ ስሌት ያንቺ ሁለት ነው። አንዱ የኢትዮጵያ፣ ሌላው የኤምሬትስ። ቤይሩት የነበርሽው አራት ወር ስለሆነ ከሊባኖስ አያስፈልግሽም። ይሁንና የሕይወት ታሪክሽን በምትሞዪበት ፎርም ላይ ቤይሩትን መጻፍ አለብሽ። ወረቀቱ ባይጠየቅም ጊዜው ይጠየቃል።

የሁለቱ ወረቀቶች ዕድሜ ደግሞ አንድ አይደለም። አሁን የምትኖሪበት አገር ወረቀት ማመልከቻው ከሚገባበት ቀን በፊት ባሉት 6 ወራት ውስጥ የወጣ መሆን አለበት። ያንቺ አሁን የምትኖሪበት አገር ኢትዮጵያ ናት። ቀድሞ የኖርሽበት አገር ወረቀት ግን መሟላት ያለበት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከዚያ አገር ለመጨረሻ ጊዜ ከወጣሽ በኋላ የተሰጠ መሆኑ። ወደ ዱባይ ተመልሰሽ ካልኖርሽ የኤምሬትሱ ወረቀት እጅሽ ላይ አያረጅም። የኢትዮጵያው ያረጃል።

ይህን ካወቅሽ ቅደም ተከተሉ ራሱ ይመጣል። የሚዘገየውንና የማያረጀውን የዱባዩን መጀመሪያ አውጪ። ቶሎ የሚያረጀውን የአገር ቤቱን መጨረሻ ላይ፣ ባለቤትሽ «ሌላው ሁሉ ተሟልቷል» ሲልሽ አውጪ።

ሥራውን እንደጀመርኩ ይህን በደንብ አላውቅም ነበር። አንዲት የአጋሮ ልጅ መጣችና «ቅርቡን ቶሎ ጨርሺ» ብዬ የፌዴራሉን አስወጣኋት። ከዚያ የባሕረ ሰላጤው ወረቀት ዛሬ ነገ እያለ ወራት ፈጀ። እሱ ሲደርስ የመጀመሪያው ስድስት ወር አልፎት ነበር። እንደገና ከሥራዋ ቀርታ፣ እንደገና ጊቤን ተሻግራ፣ እንደገና አዲስ አበባ አልጋ ተከራይታ አሻራ ሰጠች። ጥፋቱ የእኔ ነበር፣ ወጪው ግን የእሷ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ለማንም ቢሆን መጀመሪያ የማስጽፈው የአሥር ዓመት የቀን መቁጠሪያውን ነው።

አንቺም ከዚያ ጀምሪ። ደብተር ውሰጂና ያለፉትን አሥር ዓመታት ወር በወር ጻፊ። የት ነበርሽ፣ ምን ትሠሪ ነበር፣ ማን ቤት። ሥራ የሌለሽበትንም ጊዜ «ቤት ውስጥ» ብለሽ ጻፊው። ፎርሙ ክፍተት አይወድም። እኛ ኢትዮጵያውያን የምንሰናከለው ደግሞ ቀኑን ስንለውጥ ነው። ብዙ ሰው በኛ ዓመት ላይ ዝም ብሎ 7 ይደምራል። 7 የሚደመረው ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛ ሳምንት ድረስ ላለው ጊዜ ነው። ፈረንጆች አዲስ ዓመታቸውን የሚያከብሩት ብዙ ጊዜ በኛ ታኅሣሥ 23 ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ የሚደመረው 8 ነው። ስለዚህ ሐምሌ 2010 የምትዪው በእነሱ 2018 ነው እንጂ 2017 አይደለም። ጥር 2014 ደግሞ 2022 ነው። በ7 ብትደምሪው ዱባይ የገባሽው ቪዛሽ ከመታተሙ አንድ ዓመት ቀድመሽ ይሆናል። ፎርሙን የሚያየው ሰው ስለኛ አቆጣጠር ላያውቅ ይችላል፤ የሚያየው የማይገጥሙ ሁለት ቀኖችን ነው።

የዱባዩን ወረቀት እዚህ ሆኖ ማውጣት ይቻላል። ጥያቄው የሚቀርበው በኢንተርኔት ነው፤ በዱባይ ፖሊስ ወይም በኤምሬትስ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር አፕ በኩል። ዱባይ ስለኖርሽ የዱባይ ፖሊስ ለአንቺ ቀጥተኛው መንገድ ነው። አገሩ ውስጥ የሌለ ሰው የአሻራ ካርድ ይጠየቃል። አሥሩም ጣቶችሽ የታተሙበት ካርድ ማለት ነው። አሻራውን እዚህ ሥልጣን ባለው ፖሊስ ዘንድ ትሰጫለሽ። ካርዱ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ይረጋገጣል። ከዚያ አዲስ አበባ ያለው የኤምሬትስ ኤምባሲ ያረጋግጠዋል። ካርዱን ከነማኅተሞቹ ስካን አድርገሽ ከማመልከቻው ጋር ትልኪዋለሽ። ቋንቋ ሲጠይቅሽ እንግሊዝኛ ምረጪ። በዐረብኛ ከወጣ ለካናዳ ማስተርጎም ግድ ይሆናል፤ ትርፍ ወጪ ነው።

ከዱባይ የተመለሱ እህቶች «ባጣቃዬን (የኤምሬትስ መታወቂያዬን) ማዳሜ ወሰደችው» እያሉ እዚህ ላይ ተስፋ ይቆርጣሉ። አትቁረጪ። አንቺ በነበርሽበት ጊዜ የመኖሪያ ፈቃዱ ፓስፖርት ላይ ይለጠፍ ነበር። አሮጌውን ፓስፖርት አውጪና ያንን ገጽ ተመልከቺ። ከላዩ የኤምሬትስ ኢሚግሬሽን የሰጠሽ መለያ ቁጥር (UID) አለበት። እሱን ይዘሽ ፋይልሽን ማግኘት ይቻላል። አሮጌው ፓስፖርት ለአንቺ አሁን ከወርቅ ይበልጣል። ሳጥን ውስጥ ይቀመጥ፤ ለማንም ደላላ ኦሪጅናሉን አትስጪ።

አሁን ወደ ዕድሜው ነገር ልምጣ። ከጅማ ዙሪያ፣ ከሰቃ፣ ከአጋሮ፣ ከሊሙ ወደ ዐረብ አገር ከሄዱት ልጆች መካከል በዕድሜ ተጨምሮላቸው የተጓዙ ብዙ አይቻለሁ። ልጆቹ ያኔ ምን እንደተጻፈ እንኳ አላነበቡም። ስለዚህ እፍረት አይያዝሽ። የዱባይ ፖሊስ ወረቀት የሚወጣው እዚያ በተመዘገብሽበት ማንነት ነው። በአሮጌው የልደት ቀን ማለት ነው። የኢትዮጵያው በአዲሱ ይወጣል። ሁለቱ ጎን ለጎን ሲቀመጡ የማይገጥሙ መሆናቸው ማንም ሳይነግረው ይታያል። ዝም ካልሽ ጥያቄ ይሆናል። ከነገርሻቸው ማብራሪያ ይሆናል።

አንድ ገጽ ደብዳቤ ይበቃል። በዚህ መልክ ጻፊው፦ «ከ2018 እስከ 2022 በዱባይ የኖርኩት የልደት ቀኔ በስህተት በተመዘገበበት ፓስፖርት ነው። ፓስፖርቱን ያስጨረሰልኝ ደላላ ዕድሜዬን አራት ዓመት ጨምሮ አስመዝግቦታል። ትክክለኛው የልደት ቀኔ በልደት ምስክር ወረቀቴና በአሁኑ ፓስፖርቴ ላይ ያለው ነው። የሁለቱንም ፓስፖርቶች ኮፒ አያይዣለሁ።» ሌላ ማስዋቢያ አትጨምሪ። ፎርሙ ሌላ ስም ወይም ሌላ የልደት ቀን ተጠቅመሽ እንደሆነ በሚጠይቅበት ቦታ ሁሉ ያንኑ ጻፊ። ይህን አንዱን ነጥብ ብቻ ባለቤትሽ ካልጋሪ ላይ ፈቃድ ያለው የኢሚግሬሽን ጠበቃ ቢያማክርበት ደስ ይለኛል። የአንድ ሰዓት ምክር ክፍያው አይቆጭም።

በ2009 ያደርሽባት ሌሊትም እንዲሁ ናት። «ፍርድ ቤት ስላልቀረብኩ ታስሬ አላውቅም ማለት እችላለሁ?» ብለሽ እንዳሰብሽ ይገባኛል። አትችዪም። የካናዳው ፎርም የሚጠይቀው ተፈርዶብሽ እንደሆነ ብቻ አይደለም። በማናቸውም ጊዜ ተይዘሽ ወይም ታስረሽ ታውቂ እንደሆነም ለብቻው ይጠይቃል። የአንቺ መልስ «አዎ» ነው። ቀጥሎ ባለው ቦታ ላይ ቀኑን፣ ጣቢያውንና የሆነውን በሁለት መስመር ታብራሪያለሽ። ከጎረቤት ጋር በነበረ ጠብ፣ አንድ ሌሊት፣ ክስ ሳይመሠረት፣ በሽምግልና አልቆ ተለቀቅኩ። ይኸው ነው።

እዚህ ላይ አንድ የሚረዳሽ ነገር አለ። በሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 19 መሠረት የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት። አንቺ ከዚያ በፊት ተለቀሻል። ስለዚህ የፍርድ ቤት መዝገብ አለመኖሩ የሚያስገርም አይደለም። ቢሆንም ወደዚያው ጣቢያ ሂጂና ክስ እንዳልተመሠረተብሽ የሚገልጽ አጭር ደብዳቤ እንዲጽፉልሽ ጠይቂ። ከሰጡሽ አያይዢው። መዝገቡ አርጅቶ ከጠፋ ደግሞ ያስታረቋችሁ የአገር ሽማግሌዎች፣ ጃርሳ ቢያዎቹ፣ በሕይወት ካሉ የሁለቱን ምስክርነት በጽሑፍ ውሰጂ። ግዴታ አይደለም። ነገርሽን ግን ሙሉ ያደርገዋል።

ስለ መደበቅ የምለው ይህ ነው። የካናዳ ሕግ የሐሰት መረጃ የሰጠን ወይም ዋና ነገር የሸሸገን ሰው ለ5 ዓመት ያግደዋል። ያለ ክስ የተለቀቅሽባት አንዲት ሌሊት ቪዛ አትከለክልም። የተደበቀች ሌሊት ግን ከባልሽ አምስት ዓመት ልታራርቅሽ ትችላለች። እባክሽ ይህን ከሰው ምክር ጋር አታመዛዝኚው።

በዚሁ አጋጣሚ ስለ ጉዳይ ገዳዮች ላንሳ። «አንቺ አዲስ አበባ መሄድ አያስፈልግሽም፣ ፓስፖርትሽን ኮፒ ላኪ፣ ወረቀቱን ጅማ ድረስ አመጣልሻለሁ» የሚል ሰው ያጋጥምሻል። አሻራሽን ሳትሰጪ የወጣ የአሻራ ወረቀት ምን ሊሆን እንደሚችል አስቢው። ማኅተሙ የሚያምር ሊሆን ይችላል። ካናዳ ግን ወረቀቱን ከሰጪው ጋር የማጣራት ሙሉ መብት አላት። ያኔ ተጠያቂው እሱ አይደለም፤ ስሙ ወረቀቱ ላይ የለም። ያለው ያንቺ ስም ነው።

ስለ ስም ካነሳን፣ የኛ አካባቢ ሰው ልዩ ችግር አለበት። የልደት ምስክር ወረቀታችንና የቀበሌ ሰነዳችን በአፋን ኦሮሞ፣ በቁቤ ነው የሚጻፈው። ፓስፖርታችን ላይ ያለው አጻጻፍ ግን በእንግሊዝኛ ድምፅ ነው። ጫልቱ የምትባል ሴት ስሟ በቁቤ በ«ሲ» ይጀምራል፣ ፓስፖርቷ ላይ ብዙ ጊዜ በ«ሲ ኤች» ነው። «ጠ» በቁቤ «ኤክስ» ናት፣ ፓስፖርት ላይ «ቲ» ትሆናለች። ቁቤ ረጅሙን አናባቢ ሁለት ጊዜ ይጽፋል፣ ፓስፖርቱ ብዙ ጊዜ አንዴ። መሐመድን ደግሞ ስንት ዓይነት አጻጻፍ እንዳየሁት ቆጥሬ አልጨርሰውም። ለእኛ አንድ ስም ነው። ቋንቋውን ለማያውቅ ሰው ግን ሁለት ሰው ይመስላል። መፍትሔው ፓስፖርቱን መሪ ማድረግ ነው። ሁሉም አዲስ የሚወጣ ወረቀት የፓስፖርቱን ፊደል ይከተል። የቁቤ ሰነድሽን የሚተረጉምልሽ ሰው ስሙን እንደ ፓስፖርቱ ጽፎ፣ በኦሪጅናሉ ላይ እንዴት እንደተጻፈ በግርጌ ያስታውስ።

ሌላም ጥንቃቄ አለ፤ ጣቶችሽ። ለዓመታት በበረኪናና በሳሙና የሠሩ እጆች አሻራቸው ይሳሳል። ቡና የሚለቅሙና እንጀራ የሚጋግሩ ሴቶችም ላይ አይቻለሁ። መሣሪያው አልቀበል ሲል «ሌላ ቀን ተመለሺ» ይባላል፤ ከጅማ ለመጣ ሰው ይህ ከባድ ነው። ስለዚህ ከጉዞሽ ሁለት ሳምንት በፊት ጀምረሽ በረኪና ያለ ጓንት አትንኪ። ማታ ማታ እጅሽን ቫዝሊን ቀቢ። በዚያ ሰሞን ሠርግ ካለም የጣት ጫፍሽን ሂና አታስነኪ። መዳፍሽን ተቀቢ፣ ጣቶችሽን ተዪያቸው።

ጥያቄሽን የሚያነቡ ሌሎችም ስላሉ ሁለት መስመር ልጨምር። ደንቡ በየአገሩ ይለያል። አሜሪካ፣ ዲቪ የደረሳቸውንም ጨምሮ፣ ከ16 ዓመት ጀምራ ትጠይቃለች። ከሌላ አገር የምትፈልገው 12 ወርና ከዚያ በላይ ከኖርሽ ነው፤ ታስሮበት የነበረ አገር ካለ ግን የቆይታው ርዝመት አይታይም። አውስትራሊያም 12 ወር ነው የምትለው። ካርቱም ለኖሩ ወገኖች ደግሞ ይህን ልበል። ጦርነቱ ከተነሣበት ከሚያዝያ 2015 ወዲህ ከዚያ ወረቀት ማውጣት እጅግ ከባድ ነው። ካናዳ ማውጣት ያልቻለ ሰው ምክንያቱን በጽሑፍ እንዲያስረዳና የሞከረበትን ማስረጃ እንዲያያይዝ ትፈቅዳለች። ወደ ሱዳን ኤምባሲ የጻፋችሁትን ደብዳቤ፣ የላካችሁትን ኢሜይል፣ የተሰጣችሁን መልስ ሁሉ አስቀምጡ። ሙከራችሁ ራሱ ሰነድ ነው።

አሁን የአንቺን ሁለት ጉዞ ላስተካክልልሽ። አዎ፣ ሁለት ነው፤ በአንድ ጉዞ ለመጨረስ አትጓጊ። የመጀመሪያው ለዱባዩ የአሻራ ካርድ ነው። አሻራሽን ካርዱ ላይ ትሰጫለሽ፣ ካርዱን ውጭ ጉዳይ ታረጋግጫለሽ፣ ኤምባሲ ታስገቢያለሽ። ሦስት የተለያየ መስኮት ስለሆነ ቢያንስ ሦስት የሥራ ቀን ያዢ። ከጅማ አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሌሊት ተነሥተሽ በባስ ብትሄጂ እንኳ በዚያ ቀን ቢሮ አትደርሺም። እሑድ ሄደሽ ሰኞ ጠዋት ብትሰለፊ ይሻላል። ዓርብን ለዋና ነገር አታስቀሪው፣ የምሳ ሰዓቱ ከ5፡30 እስከ 7፡30 ስለሚረዝም ቀኑ ያጥራል።

ሁለተኛው ጉዞ የዱባዩ ወረቀት እጅሽ ሲገባና ባለቤትሽ ፎርሙን ሞልቶ ሲጨርስ ነው። ያኔ ለፌዴራሉ ትሄጃለሽ። ፓስፖርትሽን ከነኮፒው፣ ፋይዳ መታወቂያሽንና ጉርድ ፎቶ ያዢ። ከመነሣትሽ በፊት ስልክ ደውለሽ ቀጠሮ በኢንተርኔት ይያዝ እንደሆነና አገልግሎቱ ለጅማ ቀረብ ባለ ቦታ ይሰጥ እንደሆነ ጠይቂ። ክፍያ መስኮቱ ላይ የተለጠፈውን ብቻ ክፈዪ፣ ደረሰኝሽን ያዢ።

ወረቀቱን ሲሰጡሽ ከመስኮቱ ሳትርቂ አንብቢው። ስምሽን ፊደል በፊደል ከፓስፖርቱ ጋር አስተያዪ። የልደት ቀንሽን፣ የፓስፖርት ቁጥርሽን፣ የተሰጠበትን ቀን እዪ። ስህተት ካለ እዚያው ቆመሽ አስተካክዪ፤ ጅማ ከገባሽ በኋላ አንዲት ፊደል ለማስለወጥ ሌላ 700 ኪሎ ሜትር ደርሶ መልስ ነው። ከዚያ በቀለም፣ ፊቱንም ጀርባውንም ስካን አስደርጊና ለባለቤትሽ ላኪለት። ኦሪጅናሉን በፕላስቲክ ክላሰር ውስጥ አስቀምጪ። ላሚኔት ግን እንዳታስደርጊው። ይጠበቅልኛል ብለው ላሚኔት ያስደረጉ ብዙ ናቸው፤ ነገር ግን ኦሪጅናሉን የሚያይ ሰው ማኅተሙንና ወረቀቱን በእጁ መዳሰስ ይፈልጋል።